የሞዴል ባቡር ሀዲድ መቀየሪያን በሰርቮ ሞተር ማንቀሳቀስ፦ ከጠረጴዛ እስከ ሀዲዱ ሥር

ልደታ ኮንዶሚኒየም ያለው ቤቴ ውስጥ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። የሞቱ ሰርቮዎች፣ ማለትም የታዘዙበት ማዕዘን ላይ ዞረው የሚቆሙ ትናንሽ ሞተሮች፣ ሞልተውበታል። ግማሾቹ የኔው ናቸው። ሌሎቹን ሞዴል ባቡር የሚሠሩ ወዳጆቼ "እስቲ ይሄን እይልኝ" እያሉ ያመጧቸው ናቸው። አንዱ ጥርሱ ተበልቷል። አንዱ ገና ሳትነኩት የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። "እንዴት አድርገህ ነው ያሰርከው?" ብዬ ስጠይቅ መልሱ ይመሳሰላል። መጀመሪያ ከሀዲዱ ሥር ጥርቅም አድርጎ አሰረው፣ ቀጥሎ ኤሌክትሪክ ሰጠው፣ ሰርቮው ወደፈለገው ዞረ፣ የሀዲዱን ምላስ ይዞት ሄደ።

ስለዚህ እዚህ ሥራውን ከሌላው ጫፍ እንጀምራለን። መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ፣ በመጨረሻ ሀዲዱ ሥር። ደረጃ አትዝለሉ። ለመጀመሪያው መቀየሪያ ግማሽ ቀን መድቡለት።

ስለ ቃላቱ እንስማማ

"መቀየሪያ" የምለው ባቡሩን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያዞረውን የሀዲድ ክፍል ነው። ውስጡ ያሉት ሁለት ተንቀሳቃሽ ሹል ሀዲዶች "ምላስ" ይባሉ። ሁለቱን ምላሶች ይዞ ግራና ቀኝ የሚሄደው ስስ ፕላስቲክ "አያያዥ ዘንግ" ነው፤ ትንሽ ቀዳዳ አለው። ሰርቮው ላይ የሚሰካው ነጭ ፕላስቲክ ደግሞ "ክንድ" ነው። ልኬቶቹ ለኤችኦ ናቸው፤ ማለትም ለ1፡87 መጠን፣ ሀዲዱ 16.5 ሚሊሜትር ለሚሰፋው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኤስጂ90 የሚባለው ባለ 9 ግራም ሰርቮ፣ ለአንድ መቀየሪያ አንድ። አንድ መለዋወጫ ጨምሩ።
- አርዱይኖ ኡኖ ወይም ናኖ፤ ሰርቮውን የሚያዝዘው፣ ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ መሣሪያ ነው።
- 5 ቮልት 2 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር፣ እና ብትቆርጡት የማይቆጫችሁ የዩኤስቢ ገመድ።
- 470 ወይም 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ 10 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ የሚችል።
- 0.8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ የብረት ሽቦ።
- የፕላይውድ ወይም የእንጨት ቁራጭ፣ ትናንሽ ብሎኖች።
- ትራፓኖ ከ1 እና ከ8 ሚሊሜትር መብሻ ጋር፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ መልቲሜትር፣ ማስመሪያ።

ሽቦው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና። ከተማው ሁሉ ግንባታ ስለሆነ የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ በየሜዳው ታገኛላችሁ። እሱ አይሆንም። ለስላሳ ነው፤ ካጠፋችሁት እንደታጠፈ ይቀራል። እኛ የምንፈልገው ጫፉን ገፋ አድርጋችሁ ስትለቁት ተመልሶ ቀጥ የሚል ሽቦ ነው። የማስተካከያ ስህተታችሁን ሁሉ የሚሸከመው ይሄ መመለሱ ነው። ሱቅ ውስጥ እያላችሁ ሞክሩት።

"ባለ ብረት ጥርስ ሰርቮ አይሻልም?" የሚል ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። ለዚህ ሥራ አይሻልም ባይ ነኝ። አንድ ቀን የሆነ ነገር መንቀርቀሩ አይቀርም። ያን ጊዜ የፕላስቲኩ ጥርስ ይበላል፣ የብረቱ ግን መቀየሪያውን ይሰብራል። ሰርቮ መርካቶ ወርዳችሁ ትገዛላችሁ። መቀየሪያው ግን ከውጭ በሰው እጅ የመጣ ነው። አንዴ እኔም ብረት ነው ተብዬ ጨምሬ የገዛሁት ሰርቮ ሲከፈት ከፕላስቲክ ሌላ ምንም አልነበረበትም፤ ተናድጄ ነበር፣ አሁን ግን ሀዲዱ ሥር በሰላም እየሠራ ነው።

ደረጃ 1፦ መቀየሪያውን በጣት ፈትሹ

ሞተር ከማሰባችሁ በፊት አያያዥ ዘንጉን በአንድ ጣት ግራና ቀኝ ግፉት። ያለ ትግል መሄድ አለበት። ካልሄደ ችግሩ ጠጠር ነው፣ ወይም የፈሰሰ ኮላ፣ ወይም የተጣመመ ሀዲድ። እሱን ሳታስተካክሉ ወደ ፊት አትሂዱ። ጣት የከበደውን ሰርቮ አያቀልለውም።

እንደ ፔኮ ያሉ ኩባንያዎች የሚሠሯቸው መቀየሪያዎች ምላሱን ጠቅ አድርጋ የምትይዝ ትንሽ ስፕሪንግ አለቻቸው። ሰርቮው ራሱ ስለሚይዝ አውጧት። ከተዋችኋት ምላሱ በቀስታ ከመሄድ ይልቅ መሃል ላይ ዘሎ ይሻገራል፣ ሰርቮውም ያለ ምክንያት ይታገላል። ስታወጧት ጣታችሁን ከላይ አድርጉባት፤ ተስፈንጥራ ሶፋ ሥር ከገባች አለቀላት። ፌስታል ውስጥ አስቀምጧት፣ አንድ ቀን ትፈለግ ይሆናል።

አሁን ምላሱ ከዳር እስከ ዳር ስንት እንደሚሄድ በማስመሪያ ለኩና ጻፉ። 3 ሚሊሜትር አካባቢ ይመጣል።

ደረጃ 2፦ የኤሌክትሪክ ምንጩን አዘጋጁ

ሰርቮውን ከአርዱይኖው 5 ቮልት ላይ አታስነሱ። አንድ ኤስጂ90 ሲታነቅ ከግማሽ አምፔር በላይ ይስባል። አርዱይኖው ከኮምፒውተር ዩኤስቢ የሚያገኘው 500 ሚሊአምፔር ነው። አንዱን ሰርቮ ለጊዜው ያስነሳላችኋል፤ ሁለተኛውን ስትጨምሩ አርዱይኖው ራሱን እያጠፋ ይነሳል፣ እናንተ ደግሞ ፕሮግራሙ ውስጥ የሌለ ስህተት ስትፈልጉ ታመሻላችሁ።

1. የዩኤስቢውን ገመድ ከቻርጀሩ ነቅላችሁ ቁረጡ። ቀይና ጥቁሩን ላጡ፣ ሌሎቹን ለየብቻ በፕላስተር ጠቅልሉ።
2. ቻርጀሩን ሰኩና በመልቲሜትር ለኩ። 5 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። ርካሽ ገመድ ውስጥ ያለን ቀለም አትመኑ፤ ፖዘቲቩን መልቲሜትሩ ይንገራችሁ።
3. ነቅላችሁ ካፓሲተሩን በሁለቱ መሃል አያይዙ። ጎኑ ላይ መስመር ያለበት እግር ኔጋቲቭ ነው። ከተገለበጠ ይፈነዳል፤ ፊታችሁን አታቅርቡበት።
4. የሰርቮውን ቀይ ከፖዘቲቭ፣ ቡናማውን ከኔጋቲቭ፣ ብርቱካናማውን ከአርዱይኖው እግር 9 ጋር አገናኙ።
5. ከቻርጀሩ ኔጋቲቭ ወደ አርዱይኖው ግራውንድ (የኔጋቲቭ እግሩ) አንድ ገመድ ዘርጉ።

አምስተኛዋን አትርሱ። ግራውንዱ ካልተገናኘ ምልክቱ ትርጉም የለውም፤ ሰርቮው ይንቀጠቀጣል ወይም ጭራሽ ዝም ይላል። "ሰርቮው ተበላሽቷል" ተብሎ ከመጣልኝ ውስጥ ብዙው ይሄ ነበር።

ባቡሩን የሚያስኬደውን 12 ቮልት በቀጥታ ሰርቮው ላይ አታሳርፉ። ወዲያው ይሞታል።

ደረጃ 3፦ ሰርቮውን መሃል ላይ አቁሙ

ሰርቮ የሚታዘዘው በምልክቱ ርዝመት ነው። በየ20 ሚሊሰከንዱ አንድ ምት ይደርሰዋል። ምቱ 1500 ማይክሮሰከንድ ሲሆን መሃል ላይ ይቆማል። ሲያጥር ወደ አንዱ፣ ሲረዝም ወደ ሌላው ይዞራል። 10 ማይክሮሰከንድ በግምት 1 ዲግሪ ናት። እስከ መጨረሻው የምንጫወተው በዚህ ቁጥር ነው።

ክንዱን ሳትሰኩ፣ ከአርዱይኖው ጋር የሚመጣውን የሰርቮ ላይብረሪ (ዝግጁ ኮድ) ተጠቅማችሁ 1500 ላኩ። አጭር ድምፅ አሰምቶ ዝም ይላል። ቀጥሎ 1400፣ ከዚያ 1600፣ ተመልሳችሁ 1500። ሦስቱንም ካደረገ ደህና ሰርቮ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ከላይብረሪው ጋር የሚመጡት ምሳሌዎች ውስጥ "ስዊፕ" የሚባል አለ። ጠረጴዛ ላይ ለመሞከር ይሆናል። ሀዲድ ሥር በታሰረ ሰርቮ ላይ ግን በፍጹም አታስነሱት፤ ከ0 እስከ 180 ዲግሪ ይወስደዋል፣ እኛ የምንፈልገው ደግሞ 12 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ቆርቆሮዬ ውስጥ ካሉት ሁለቱን የገደልኩት በዚህ ነው። ሌላው ደግሞ ክንዱን በእጅ አታዙሩ። ጥርሱ ከጣታችሁ ይደክማል።

ደረጃ 4፦ ክንዱን ሰኩ፣ ሽቦውን እጠፉ

ሰርቮው 1500 ላይ፣ ኤሌክትሪኩ እንደበራ፣ ክንዱን ሰኩ። ከሰውነቱ ወደ ውጭ፣ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይቁም። ፍጹም ቀጥ አይልላችሁም። የሰርቮው ዘንግ ላይ ያሉት ጥርሶች ወደ 20 ገደማ ስለሆኑ ክንዱ በአንድ ጥርስ ሲዘዋወር 17 ወይም 18 ዲግሪ ይዘላል። ቅርቡን ምረጡ። የቀረውን በቁጥር እናቃናዋለን፤ ምናልባት መሃላችሁ 1500 መሆኑ ቀርቶ 1560 ይሆናል፣ ምንም አይደለም፤ ከዚህ በኋላ 1500 ስል የእናንተን መሃል ያዙ። አንድ ባለ አንድ ጎን ክንድ ይበቃል፣ ትንሿን ብሎን እሰሩ።

ሽቦውን 6 ሴንቲሜትር ያህል ቁረጡ። አንዱን ጫፍ በፒንሳ አጥፋችሁ በክንዱ የመጨረሻ ቀዳዳ አስገቡ፣ በሚቀጥለው ቀዳዳ መልሳችሁ አውጡ፣ ከዚያ የክንዱን አቅጣጫ ይዞ ወደ ላይ ቀጥ ይበል። ቀዳዳው ከጠበበ በ1 ሚሊሜትር መብሻ በእጅ አስፉት። ሽቦው ክንዱ ላይ መላወስ የለበትም። ከተላወሰ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ አድርጉ። ጠብታ ነው ያልኩት፤ ወደ ሰርቮው አንገት ከፈሰሰ ሰርቮው ሐውልት ይሆናል።

ደረጃ 5፦ ቀዳዳውን ብሱ

ሀዲዱ ገና ካልተለጠፈ ቀላል ነው። መቀየሪያውን ቦታው ላይ አስቀምጡ፣ አያያዥ ዘንጉ መሃል ላይ ሆኖ በቀዳዳው በኩል በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ መቀየሪያውን አንሱ፣ 8 ሚሊሜትር ብሱ።

ሀዲዱ ከተለጠፈ ግን ተጠንቀቁ። ምላሶቹን መሃል ላይ በቁራጭ ወረቀት ያዙ። የ1 ሚሊሜትር መብሻ በአያያዥ ዘንጉ ቀዳዳ አሳልፋችሁ፣ በጣታችሁ እያዞራችሁ፣ ሰሌዳውን እስከ ታች ድረስ ብሱ። ትራፓኖ አትጠቀሙ፤ ዘንጉን ይበላዋል። ከዚያ ከሥር ሆናችሁ ያቺን ትንሽ ቀዳዳ በ8 ሚሊሜትር አስፏት። ከመጀመራችሁ በፊት የሰሌዳውን ውፍረት ያህል መብሻው ላይ ለኩና ፕላስተር ጠቅልሉ፤ ፕላስተሩ እንጨቱን ሲነካ አቁሙ። በዚህ ቦታ አንድ ሚሊሜትር ማለፍ መቀየሪያውን ማጣት ነው። መነጽር አድርጉ፤ ተጋድማችሁ ወደ ላይ ስትበሱ የእንጨቱ ብናኝ የሚያርፈው ዓይናችሁ ላይ ነው።

ደረጃ 6፦ ማቀፊያውን ሥሩና እሰሩ

ሙቅ ሙጫ የሚወድ ሰው አለ። እኔ አልወድም። ሰርቮው ሲሞት፣ መሞቱ አይቀርም፣ ቢላ ይዛችሁ ትጋደማላችሁ። ከእንጨት ቁራጭ ላይ 23 በ12.5 ሚሊሜትር የሆነ መስኮት ቁረጡ። የኤስጂ90 ሰውነት ይገባበታል፣ ጆሮዎቹ ውጭ ይቀራሉ፣ አብረውት በመጡት ሁለት ብሎኖች ይታሰራል። ይህን ቁራጭ ከሌላ እንጨት ጋር በኤል ቅርጽ አገናኙ።

የሰርቮው ዘንግ ከሀዲዱ ጋር ትይዩ ይሁን። ያን ጊዜ ክንዱ ሲወዛወዝ ሽቦው ግራና ቀኝ ይሄዳል። ሽቦውን በቀዳዳው አውጥታችሁ ወደ አያያዥ ዘንጉ ቀዳዳ አስገቡ። ሰርቮው 1500 ላይ ሆኖ፣ ምላሶቹም መሃል ላይ ሆነው፣ ማቀፊያውን በአንድ ብሎን ብቻ ያዙ። ሁለተኛውን ብሎን እስከ ደረጃ 7 መጨረሻ አትሰሩ። ሽቦው ከላይ ተርፎ ከወጣ ከአያያዥ ዘንጉ በላይ 1 ሚሊሜትር ብቻ አስቀርታችሁ ቁረጡት፤ አለበለዚያ የሎኮሞቲቩን ሆድ ይፍቃል።

ደረጃ 7፦ ቁጥሮቹን ፈልጉ

የሥራው ልብ እዚህ ነው። አትቸኩሉ።

ከሰርቮው ዘንግ እስከ ሽቦው ጫፍ 35 ሚሊሜትር ነው እንበል። ምላሱ 3 ሚሊሜትር እንዲሄድ 5 ዲግሪ ይበቃል ማለት ነው፤ 50 ማይክሮሰከንድ። ግን ርካሽ ሰርቮ 1 ዲግሪ ያህል ልቅነት አለው። ልኩን ብቻ ከሰጣችሁት ምላሱ አንዳንዴ ይዘጋል፣ አንዳንዴ ክፍት ይቀራል፣ ባቡሩም ይወድቃል። ስለዚህ ትንሽ አሳልፈን እንወስደዋለን፤ ትርፉን ሽቦው ጎበጥ ብሎ ይውጠዋል፣ ምላሱንም ተጭኖ ይይዘዋል።

1. ከ1500 ተነሱና 10 እየቀነሳችሁ ላኩ፦ 1490፣ 1480፣ 1470። በእያንዳንዱ ቁጥር ቆማችሁ ምላሱን እዩ።
2. ምላሱ የጎኑን ሀዲድ ሲነካ ቁጥሩን ጻፉ። 1470 ነው እንበል።
3. በዚያው አቅጣጫ 20 ወይም 30 አሳልፉ፤ 1440። ሽቦው ትንሽ ሲጎብጥ በዓይን ይታያል።
4. ወደ 1500 ተመለሱና በሌላው ጎን ድገሙ። 1560 አካባቢ ይመጣል።

አሁን የወረቀት ፈተናው። የደረሰኝ ቁራጭ በምላሱ ጫፍና በሀዲዱ መሃል ሸጎጥ አድርጉ፣ ምላሱን ዝጉበት፣ በቀስታ ሳቡ። ከተያዘ ጥሩ ነው። ሾልኮ ከወጣ በዚያው አቅጣጫ 10 አሳልፉ። በሁለቱም ጎን ሞክሩ።

ጆሯችሁንም ተጠቀሙ። ቆሞ "ዝዝዝ" ካለ አብዝታችኋል፤ 10 መልሱ። ወረቀቱን ለመያዝ የሚበቃው ቁጥርና ዝምታ የሚሰጠው ቁጥር ካልተገናኙ ሽቦው ወፍሯል፤ በቀጭኑ ቀይሩት። አንዱ ጎን በ1490 ሌላው በ1600 የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ ማቀፊያው ወደ አንድ ጎን ሄዷል። ብሎኑን ላላ አድርጋችሁ ግፉት። ሁለተኛውን ብሎን ያላሰርነው ለዚህ ነበር። ሲስተካከል እሰሩትና የወረቀቱን ፈተና እንደገና አድርጉ፤ ብሎን ሲጠብቅ ማቀፊያውን ይዞ ይዞራል።

ሁለቱን ቁጥሮች ማቀፊያው ላይ በማርከር ጻፏቸው። ኮምፒውተሩ ቢጠፋም እንጨቱ አይጠፋም።

ደረጃ 8፦ ፕሮግራሙ

ኮዱን ራሳችሁ ትጽፋላችሁ፤ እኔ የምነግራችሁ ቅደም ተከተሉን ነው። ብዙ ኮድ የሚወድቀው እሱ ላይ ነው።

1. ሲነሳ መጀመሪያ የመጨረሻውን ቦታ ከኢኢፕሮም (ኤሌክትሪክ ቢጠፋም ከማይረሳው የአርዱይኖው ማስታወሻ) ያንብብ።
2. ያንን ቁጥር ለሰርቮው ይጻፍ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ እግሩን ያያይዝ። ከተገላበጠ ላይብረሪው በራሱ 1500 ይልካል፣ ምላሱም መሃል ይቆማል።
3. ቁልፍ ሲጫን አዲሱን ቦታ ኢኢፕሮም ላይ ይጻፍ፤ ሲለወጥ ብቻ። ማስታወሻው 100,000 ጊዜ ያህል ለመጻፍ የተሠራ ነው፤ በየዙሩ ከጻፋችሁበት በደቂቃዎች ትጨርሱታላችሁ።
4. በየ15 ሚሊሰከንዱ 1 ማይክሮሰከንድ እያለ ይሂድ። ከ1440 እስከ 1560 ያለው 120 እርምጃ 1.8 ሰከንድ ይፈጃል፤ ለዓይን ደስ ይላል።
5. ከደረሰ በኋላ ግማሽ ሰከንድ ቆይቶ ምልክቱን ያቋርጥ። ጥርሱ ቦታውን ይይዛል፣ ጩኸቱም ይቀራል።

ብዙ መቀየሪያ ካላችሁ አንድ በአንድ ይንቀሳቀሱ። ባለ 2 አምፔር ቻርጀር የሚበቃው እንደዚያ ከሆነ ነው። ቁልፎቹን ከእግርና ከግራውንድ መሃል አድርጉ፣ የአርዱይኖውን የውስጥ ፑልአፕ (ቁልፉ ሳይጫን እግሩን 5 ቮልት ላይ የሚይዝ ሬዚስተር) አብሩ፣ ቁልፉ ሲጫን ለአፍታ ስለሚንቀጠቀጥ 50 ሚሊሰከንድ ጠብቁ።

ደረጃ 9፦ መብራት ሲሄድና ሲመጣ

እኛ ሰፈር ይሄ ደረጃ የግድ ነው። መብራት ሲመጣ ሰርቮው ወዲያው ይነሳል፤ አርዱይኖው ግን አንድ ሁለት ሰከንድ ይዘገያል። በዚያ መሃል ሰርቮው ይፈናጠራል።

ቀላሉ መፍትሔ ከምልክቱ ገመድ ወደ ግራውንድ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር ማድረግ ነው። ብዙ ጊዜ ይቀንሰዋል፣ ሁልጊዜ አያጠፋውም። አስተማማኙ የሰርቮዎቹን 5 ቮልት በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ) ማሳለፍ ነው። አርዱይኖው ይነሳል፣ ምልክቱን መላክ ይጀምራል፣ ከዚያ ሪሌውን ያበራል። ሪሌ ከሌላችሁ ተራ ማብሪያ አድርጉ። መብራት ሲሄድ አጥፉት፣ ሲመጣ አርዱይኖውን አስቀድማችሁ አስነሱ። በዚህኛው መንገድ ግን ፕሮግራሙ ከተነሳ በኋላ ለ10 ሰከንድ ያህል ምልክቱን ሳያቋርጥ እንዲልክ አድርጉት፤ ማብሪያው ጋ እስክትደርሱ።

ሲበላሽ

ሌላ ሰርቮ ሲሄድ ይሄኛው ይንቀጠቀጣል። ካፓሲተሩን እዩ፣ ከሰርቮዎቹ አጠገብ ይሁን። የሰርቮ ገመዶችን ከሀዲዱ ኤሌክትሪክ ገመዶች ጋር አንድ ላይ አትጠቅልሉ። ካልተሻለው ቻርጀሩን ቀይሩ፤ ጀርባው ላይ 2 አምፔር የተጻፈበት ሁሉ 2 አምፔር አይሰጥም።

አቅጣጫው ተገላቢጦሽ ነው። ምንም አትፍቱ። ሁለቱን ቁጥሮች አቀያይሩ።

የሰርቮው ዘንግ ይዞራል ክንዱ ግን አይሄድም። ብሎኗ ላልታለች፣ ወይም ክንዱ ከጥርሱ ወጥቷል። ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ፤ 1500 ላይ ሳትቆሙ መልሳችሁ እንዳትሰኩ።

ድምፅ አለ እንቅስቃሴ የለም። ጥርስ ተበልቷል። መለዋወጫው ለዚህ ነበር። አዲሱ ሰርቮ የአሮጌውን ቁጥሮች አይቀበልም፤ ደረጃ 7ን ሙሉውን ድገሙ።

ባቡሩ ምላሱን አልፎ መሃል ላይ ይቆማል። ይሄ የሰርቮ ጥፋት አይደለም። መስመሮቹ የሚሻገሩበት ነጥብ ብረት ከሆነ ኤሌክትሪኩ ከአቅጣጫው ጋር መቀየር አለበት። ክንዱ የሚጫናት ማይክሮስዊች (ትንሽ ማብሪያ) ጨምሩ። ነጥቡ ፕላስቲክ ከሆነ ግን መንኮራኩሮቹን አጽዱ።

በጋ ላይ ሲሠራ ከርሞ ሐምሌ ላይ አልዘጋ ካለ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ነው። ብሎን አትንኩ፣ ሽቦ አታጥፉ። ወረቀቱን ይዛችሁ በችግሩ በኩል 10 ወይም 20 ማይክሮሰከንድ አሳልፉ፤ የበጋውን ቁጥር ግን ከእንጨቱ ላይ አትሰርዙት፣ ጥቅምት ላይ መልሳችሁ ትፈልጉታላችሁ።